የዮርክ ሳውዝ ወንበር፦ ከካርታ የጠፋ የምርጫ ክልል ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ካለህበት ሀገር አንድ ታሪክ ላክልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ስደት መጻፍ ነበር። ግን ስለ ስደት ያልጻፈ ማን አለ? ስለ በረዶው፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ሌሊት ፈረቃው በየዓመቱ እዚሁ ገጾች ላይ አንብበናል። እናም ዘንድሮ ስለ አንድ ወንበር ልጻፍ ብዬ ወሰንኩ። ወንበሩ የነበረው እኔ በምኖርባት በቶሮንቶ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ውስጥ ነው። ስሙ ዮርክ ሳውዝ ነበር። ሰባ ሦስት ዓመት ኖሮ በሕግ ተሰረዘ።

የፖለቲካ ሳይንስ መምህራኖቻችን የምርጫ ክልል ሲባል ካርታና ቁጥር እንደሚታያቸው አውቃለሁ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ የምክር ቤት ወንበር የማን ነው? የተቀመጠበት ሰው ነው? የፓርቲው ነው? ወይስ የመራጩ? ዮርክ ሳውዝ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ተጠይቋል፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ እኛው መመለስ የፈለገ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ። ሁለተኛው፣ ካናዳ ውስጥ መራጩ ሁለት ተወካይ አለው። አንዱ ኦታዋ ወዳለው የፌዴራል ፓርላማ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት። ዮርክ ሳውዝ የሚባል ክልል በሁለቱም ካርታዎች ላይ ነበረ። ወሰናቸው ልክ በልክ አንድ ባይሆንም ያው የአንድ አካባቢ ሕዝብ ነው ለሁለቱም የሚመርጠው። ስለዚህ የአንዱን ታሪክ ያለሌላው መናገር ያስቸግራል።

ዳር ሰፈሩ

ቶሮንቶ ራሷ እስከ 1834 ድረስ ዮርክ ትባል ነበር። ከተማዋ ስሟን ስትቀይር አሮጌው ስም በዙሪያዋ ላለው ገጠር ቀረለት። ዮርክ ማለት እንግዲህ ከከተማው ወሰን ውጭ የቀረው ማለት ሆነ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ የመጡ ሠራተኞች ከተማው ውስጥ ኪራዩ ሲከብዳቸው ወሰኑን ተሻግረው ርካሽ መሬት ገዙ። የሳምንት ደሞዛቸውን እየቆጠቡ፣ እሑድ እሑድ ጣውላ እየመቱ፣ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። መጀመሪያ አንድ ክፍል፣ ገንዘብ ሲገኝ ሌላ ክፍል። ብዙ ቦታ ላይ የቧንቧ ውኃና የፍሳሽ መስመር የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። እኛ ሀገር ጨረቃ ቤት የምንለው ትዝ አይላችሁም? ልዩነቱ እነዚህ ሰዎች መሬቱን ገዝተውታል፤ አፍራሽ ግብረ ኃይል አልመጣባቸውም።

በ1922 ኖርዝ ዮርክ፣ በ1924 ደግሞ ኢስት ዮርክ ከአሮጌው ወረዳ ተገነጠሉ። የቀረው ከተማ ቀመስ ሰፈር የዮርክ ታውንሺፕ ሆኖ ቀጠለ። በ1926 ዓ.ም. የክፍለ ሀገር ምርጫ ዮርክ ሳውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወካይ ላከ። የላከው ሊዮፖልድ ማኮሊ የሚባሉ ወግ አጥባቂ ነበሩ። ማኮሊ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰው እስከ 1943 ድረስ በወንበሩ ቆዩ። ያን ጊዜ ዮርክ ሳውዝ የወግ አጥባቂዎች ምሽግ ነው ቢባል ማንም አይከራከርም ነበር።

መምህሩ

ምሽጉ መጀመሪያ የተሰነጠቀው በፌዴራሉ በኩል ነው።

በ1941 መጨረሻ የወግ አጥባቂው ፓርቲ አርተር ሚየንን እንደገና መሪ አድርጎ መረጠ። ሚየን በ1920ዎቹ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ በአንደበታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት ትተው ወደ ፓርላማ ለመግባት ወንበር አስፈለጋቸው። ታዲያ ከዮርክ ሳውዝ የተሻለ አስተማማኝ ወንበር የት ይገኛል? የክልሉ የፌዴራል ተወካይ አለን ኮክራም ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። ሊበራሎቹም ተወዳዳሪ አላቀረቡም። መንገዱ የተጠረገ ይመስል ነበር።

ሲሲኤፍ የሚባለው ትንሽ የሶሻሊስት ፓርቲ ግን እጩ አቀረበ። ጆሴፍ ኖዝወርዚ ይባላሉ፤ እዚያው ሰፈር በቮን ሮድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ሚየን ዋና ነገራቸው ጦርነቱና የግዳጅ ውትድርና ነበር። ኖዝወርዚና ጓደኞቻቸው ደግሞ ሰው በግዴታ ከዘመተ ሀብትም በግዴታ ይዝመት አሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሥራውስ፣ ቤቱስ፣ ጡረታውስ እያሉ ጠየቁ። ያ ሕዝብ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት የእርዳታ ሰልፍ ላይ የቆመ ሕዝብ ነው። ጥያቄው ገባው።

በየካቲት 9 ቀን 1942 በተደረገው የማሟያ ምርጫ መምህሩ የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ከ4,000 በሚበልጥ ድምፅ አሸነፏቸው። የሚየን የፖለቲካ ሕይወት በዚያው አበቃ። የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነበር፤ ኮክራም የለቀቁት ወንበር የኮክራም አልነበረም፤ ለሚየንም ሊያወርሱት አልቻሉም።

አራት ወንበር

በዓመቱ፣ በነሐሴ 1943፣ የክፍለ ሀገሩ ምርጫ መጣ። ሲሲኤፍ በቀደመው የ1937 ምርጫ አንድም ወንበር አላገኘም ነበር። አሁን ከ90 ወንበር 34ቱን ወሰደ። አንደኛ የወጡት ወግ አጥባቂዎች ያገኙት 38 ነው። ልዩነቱ አራት ወንበር ብቻ!

የሲሲኤፍ መሪ ቴድ ጆሊፍ ዮርክ ሳውዝን አሸንፈው የተቃዋሚ መሪ ሆኑ። ጆሊፍ ቻይና ውስጥ ከካናዳውያን ሚስዮናውያን የተወለዱ፣ ኦክስፎርድ የተማሩ ጠበቃ ነበሩ። በዚሁ ምርጫ አጠገባቸው ካለው ከኢስት ዮርክ አግነስ ማክፌል ተመረጡ፤ ከሬ ላኮክ ጋር ሆነው በኦንታሪዮ ምክር ቤት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ናቸው። የዳር ሰፈሩ ሕዝብ መሃል ከተማውን ቀድሞ የሄደበት ወቅት ነበር።

በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በግንቦት 1945፣ ምርጫው ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት፣ ጆሊፍ በሬዲዮ ቀርበው ፕሪሚየሩ ጆርጅ ድሩ ተቃዋሚዎችን የሚሰልል ምስጢራዊ ፖሊስ አላቸው ብለው ከሰሱ፤ ከጀርመኑ ጌስታፖም ጋር አመሳሰሉት። ድሩ ካዱ፤ አጣሪ ኮሚሽንም አቋቋሙ። መራጩ የኮሚሽኑን ውጤት አልጠበቀም። ሰኔ 4 ቀን ሲሲኤፍ ከ34 ወደ 8 ወንበር ወረደ። ጆሊፍም የራሳቸውን ወንበር አጡ። ኮሚሽኑ ኋላ ላይ ለድሩ ፈረደላቸው፤ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የወጡ ደብዳቤዎች ግን የጆሊፍ ክስ ከሜዳ የተነሣ እንዳልነበረ አሳይተዋል። እውነት ዘግይቶ ሲመጣ ለክሱ ባለቤት ብዙም አይጠቅመውም።

በ1948 ዮርክ ሳውዝ ጆሊፍን መልሶ መረጣቸው። በዚያው ቀን ድሩ ፓርቲያቸው አሸንፎ እሳቸው ግን በራሳቸው ክልል ተሸነፉ። በ1951 ደግሞ ሲሲኤፍ በመላው ክፍለ ሀገር ሁለት ወንበር ብቻ ሲቀረው ጆሊፍም እንደገና ወደቁ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ በስምንት ዓመት ውስጥ አንዱን ሰው ሾመ፣ ሻረ፣ ሾመ፣ ሻረ። ከዚህ በላይ «ወንበሩ የእኔ ነው» የሚል መራጭ ከየት ይመጣል?

ሃያ ሰባት ዓመት

በ1953 ዶናልድ ማክዶናልድ የተባሉ የቀድሞ ጋዜጠኛና የባሕር ኃይል ሰው የፓርቲው መሪ ሆኑ። ፓርቲው ሁለት ወንበር ነበረው፤ መሪው ራሳቸው ወንበር አልነበራቸውም። በ1955 ዮርክ ሳውዝን አሸንፈው ሲገቡ ባልደረቦቻቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ሦስት ሰው ሆኖ መንግሥትን መቃወም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሁሉንም ሚኒስቴር መከታተል፣ በሁሉም ጉዳይ መናገር፣ ሌሊት ሰነድ ማገላበጥ።

ማክዶናልድ ይህን ሥራ ወደዱት። በአውራ ጎዳና ግንባታና በሰሜን ኦንታሪዮ የጋዝ ኩባንያ አክሲዮን ጉዳይ ያነሡት ጥያቄ መንግሥቱን ክፉኛ አናወጠው፤ በአክሲዮኑ ጉዳይ ሚኒስትሮች እስከ መልቀቅ ደረሱ። የፓርቲው ወንበርም በዝግታ አደገ፦ በ1959 አምስት፣ በ1963 ሰባት፣ በ1967 ሃያ። በመሃሉ በ1961 ሲሲኤፍ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ተዋሕዶ ኤንዲፒ የሚል ስም ያዘ።

በፌዴራሉ በኩል ደግሞ ዴቪድ ሉዊስ በ1962 ከዚሁ ዮርክ ሳውዝ ተመረጡ፤ አንድ ጊዜ ተሸንፈው ከ1965 እስከ 1974 ቆዩ፤ የፌዴራል ኤንዲፒ መሪም ሆኑ። ሉዊስ ዛሬ ቤላሩስ ከምትባለው ሀገር በልጅነታቸው ተሰደው የመጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ስቲቨን ሉዊስ በ1970 ከማክዶናልድ የክፍለ ሀገሩን ፓርቲ መሪነት ተረከቡ። ብዙዎቻችሁ የልጅየውን ስም ከሌላ ቦታ ታውቁታላችሁ፤ ከ2001 እስከ 2006 በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኤችአይቪ/ኤድስ ልዩ መልእክተኛ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ማክዶናልድ መሪነቱን ከለቀቁ በኋላ እንደ ተራ አባል እዚያው ወንበራቸው ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ቀጠሉ። በዮርክ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ስለ ኦንታሪዮ መንግሥትና ፖለቲካ ተማሪዎች ለዓመታት የተጠቀሙበትን መጽሐፍ አሰናዱ። ከምክር ቤት ወጥቶ ማስተማር፣ ከማስተማር ወደ ምክር ቤት መመለስ፤ መምህራኖቻችን ይህን ሕይወት ሳይቀኑበት አይቀሩም።

ከዚያ 1982 መጣ። ፓርቲው ቦብ ሬ የሚባሉ የሠላሳ ሦስት ዓመት የፌዴራል ተወካይ መሪ አድርጎ መረጠ። መሪው ግን በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ወንበር አልነበራቸውም። ማክዶናልድ ሃያ ሰባት ዓመት የያዙትን ወንበር ለቀቁላቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ላደገ ሰው ይህ ለማመን ይከብዳል። ማንም አላባረራቸውም፤ ቢወዳደሩም የሚያሸንፉ ሰው ናቸው። ፓርቲው ግን መሪው ከምክር ቤት ውጭ ሆኖ መጮህ የለበትም ብለው አሰቡ። በኅዳር 1982 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ሕዝቡ ሬን መረጠ።

እዚህ ላይ 1942ን አስታውሱ። ያኔም አንድ ሰው ወንበር ለቆ ለፓርቲ መሪ ሰጠ፤ ሕዝቡ እምቢ አለ። አሁንም አንድ ሰው ለቀቀ፤ ሕዝቡ እሺ አለ። ስጦታው አንድ ነው። ልዩነቱ ማክዶናልድ ሃያ ሰባት ዓመት በየጓዳው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በየማኅበሩ ስብሰባ ሕዝቡን ያውቁት ነበር። አደራ ተቀባዩን የሚያምነው ሕዝብ አደራ የሚተላለፍለትንም ለመስማት ዝግጁ ነው።

ከዳር ሰፈር እስከ ፕሪሚየርነት

በ1985 ምርጫ ወግ አጥባቂዎች 52፣ ሊበራሎች 48፣ ኤንዲፒ 25 ወንበር አገኙ። ሬ ከሊበራሎቹ መሪ ከዴቪድ ፒተርሰን ጋር የሁለት ዓመት ስምምነት ፈረሙ። ከ1943 ጀምሮ አርባ ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ የገዛው የወግ አጥባቂዎች መንግሥት በዚያ ወረቀት ወደቀ። ጆሊፍ በአራት ወንበር ያጡትን ነገር ከዚያው ክልል የመጣ ሌላ ሰው በፊርማ አገኘው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ፕሪሚየር የሆኑት ፒተርሰን ቢሆኑም።

ሕዝቡ ግን ገና አደራውን አላጸደቀም ነበር። በ1987 የዮርክ ከተማ ከንቲባ አለን ቶንክስ ለሊበራል ተወዳድረው ሬን ለመጣል 333 ድምፅ ብቻ ቀራቸው። የፓርቲ መሪ፣ የመንግሥት ለውጥ ያመጣ ሰው፣ በገዛ ሰፈሩ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

በሦስት ዓመቱ፣ በመስከረም 1990፣ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። ኤንዲፒ ከ130 ወንበር 74ቱን አሸነፈ። የዮርክ ሳውዝ ተወካይ የኦንታሪዮ ፕሪሚየር ሆኑ። ድምፁ ከመቶ 38 እንኳ አልሞላም፤ ተቃዋሚው ስለተከፋፈለ ነው ወንበሩ የበዛው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣውን ቁጣ ያስረዳልና።

ሬ ሥልጣን የያዙት በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት መግቢያ ላይ ነው። ፋብሪካ ተዘጋ፣ የበጀት ጉድለቱ ናረ። በ1993 መንግሥታቸው «ማኅበራዊ ውል» የሚል ሕግ አወጣ፤ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንና ነርሶች ሳይቀሩ፣ ያለ ክፍያ የሚያርፉባቸው ቀናት እንዲኖሩ አደረገ። የተፈረሙ የሥራ ውሎች ተነኩ። ፓርቲውን ያቆሙት የሠራተኛ ማኅበራት ጀርባቸውን ሰጡ። እነዚያን ቀኖች ሕዝቡ ዛሬም ድረስ በፕሪሚየሩ ስም ይጠራቸዋል። ሥራ ከማባረር ይሻላል ብለው ያመኑበት ውሳኔ ነበር፤ ማኅበራቱ ግን ያዩት የገዛ ቤተሰባቸው ሲክዳቸው ነው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው።

በ1995 ፓርቲው ወደ 17 ወንበር ወረደ። ዮርክ ሳውዝ ግን ሬን በዚያ ማዕበል ውስጥ እንኳ አልጣለቻቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው ለቀቁ። በግንቦት 1996 የማሟያ ምርጫ ወንበሩን የወሰዱት የሊበራሉ ጀራርድ ኬኔዲ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የቶሮንቶ ትልቁ የምግብ እርዳታ ድርጅት ኃላፊ ነበሩ። የተሸነፉት የኤንዲፒ እጩ ዴቪድ ሚለር ኋላ የቶሮንቶ ከንቲባ ሆነዋል። በእርዳታ ሰልፍ ትዝታ ወደ ግራ የዞረ ክልል የመጨረሻ ተወካዩ ለረሃብተኞች እህል ያከፋፍል የነበረ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ስረዛው

በ1996 አዲሱ የማይክ ሃሪስ መንግሥት የምክር ቤቱን አባላት ቁጥር ከ130 ወደ 103 የሚቀንስ ሕግ አወጣ። የክፍለ ሀገሩ ክልሎች ከፌዴራሉ ካርታ ጋር አንድ ይሁኑ፤ ወጪም ይቀንሳል፤ ፖለቲከኛም ያንሳል ተባለ። ጆሮ ለሚሰጠው ሰው ደስ የሚል ነገር ነው፤ ፖለቲከኛ ሲቀነስ ማን ያለቅሳል? ነገር ግን የአባላቱ ቁጥር ሲያንስ የቀረው እያንዳንዱ ተወካይ የሚሸከመው ሕዝብ ይበዛል። ደሃ ሰፈር ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኪራይ ችግር፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የአካል ጉዳተኛ ድጎማ ይዞ ወደ ተወካዩ ቢሮ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ መክፈል የማይችለው ሰው ነው።

በፌዴራሉ ካርታ ላይ ዮርክ ሳውዝ ለብቻው መኖር ያቆመው ቀደም ብሎ፣ በ1979 ምርጫ፣ ከዌስተን ጋር ሲዋሐድ ነበር። ጥር 1 ቀን 1998 ደግሞ የዮርክ ከተማ ራሷ ከሌሎች አምስት የአስተዳደር አካላት ጋር በቶሮንቶ ተጠቃለለች። ከዚያ በፊት በነዋሪዎች በተሰጠ ድምፅ በስድስቱም ቦታ አብላጫው «አንፈልግም» ብሎ ነበር። ሕጉ ግን ጸደቀ። በሰኔ 1999 ምርጫ ሲደረግ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ዮርክ ሳውዝ የሚል ክልል አልነበረም። ከዌስተን ጋር ተጣምሮ ዮርክ ሳውዝ–ዌስተን ሆነ።

ከፓርቲው የመጀመሪያ አምስት መሪዎች ሦስቱን የላከ ክልል፣ አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የጣለ፣ አንድ ፕሪሚየር ያወጣ ክልል፣ ያለ ስንብት ሄደ። ወንበሩ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የመጨረሻውን መልስ የሰጠው መራጩ አልነበረም፤ ካርታ የሚያወጣው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ሕዝቡ ሚየንን መጣል ችሏል፤ ጆሊፍን ሁለት ጊዜ ሾሞ ሁለት ጊዜ መሻር ችሏል፤ ሬን በ333 ድምፅ ማስጠንቀቅ ችሏል። መስመሩ ሲሰረዝ ግን ድምፅ የሚሰጥበት ሣጥን አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ

እንዲያም ሆኖ ሰዎቹ አልጠፉም። ዛሬ በዌስተን ሮድ በአውቶቡስ ስትሄዱ የምትሰሙት ቋንቋ የዚያን ዘመን ጣውላ መቺዎች አይደለም። ከካሪቢያን፣ ከፖርቱጋል፣ ከላቲን አሜሪካ፣ ከእኛው ቀንድ የመጡ ናቸው። በ2015 ዮርክ ሳውዝ–ዌስተን በሞቃዲሾ የተወለዱትን አህመድ ሁሴንን ወደ ፌዴራል ፓርላማ ላከ፤ ኋላም የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ሆኑ። በ2018 ደግሞ ሌላው የሶማሊያ ተወላጅ ፈይሰል ሀሰን በኤንዲፒ ስም ወደ ክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ገቡ። የጎረቤት ልጅ ሲመረጥ የእኛም ሰው ደስ አለው።

መምህሩ ኖዝወርዚ ያስተማሩበት የቮን ሮድ ትምህርት ቤት በ2017 ተዘግቷል። ሕንፃውን ሳልፍ ግን አንድ ነገር አስባለሁ። እኛ ዩኒቨርሲቲ በነበርንበት ዘመን ስለ ሥልጣን ስንከራከር «ማን ይያዘው?» ብለን ነበር የምንጮኸው። «ማን ይመልሰው? ለማን? በማን ፈቃድ?» የሚለውን ያነሣ ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ምርጫን የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ለተማሪዎቻችሁ የምርጫ ክልል ካርታ ስታሳዩ መስመሩን ያሰመረው ማን እንደሆነና ነዋሪው ተጠይቆ እንደሆነ ጠይቋቸው። ቶሮንቶ ብቅ ያለ ደግሞ ይደውልልኝ፤ ቡና አፍልቼ ሰፈሩን በእግር አዞረዋለሁ። በሚቀጥለው መገናኛ በሰላም ያገናኘን።